ካቦ ይርዳውና ባለ ሁለት ደርቡ አውሮፕላን

ዘመን ከመቆጠሩ በፊት የነበረው፣ ያልነጋውንም ቀን እንደ ነጋ አድርጎ የሚያየው አምላክ ይህን ነገር ከመሆኑ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። እኔ ያወቅሁት ከሆነ በኋላ ነው፤ ያውም ከባለ ነገሮቹ አፍ ሰምቼ። እርሱ በወሰነው ሰዓት የሆነውን እኔ በተሰጠችኝ ጥቂት ዕድሜ እጽፈዋለሁ፤ የጎደለውን እርሱ ይሙላው።

ነገሩ የይርዳው ነው። ይርዳው የሸሕዲ ሰው ነው፤ ሥራውም ካቦነት። ሰሊጥ ሊደርስ ሲል ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር የቀን ሠራተኛ በአውቶቡስ እየተጫነ ወደ ቆላው ይወርዳል። ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሸሕዲ መናኸሪያ አጥር ሥር ተቀምጦ ቀጣሪ ይጠብቃል። ባለ እርሻው ሠላሳና አርባ ሰው አንድ በአንድ አይቀጥርም፤ ከካቦው ጋር ይነጋገራል፤ ካቦው ሰዎቹን ሰብስቦ በጭነት መኪና ወደ ኮኪት ወይም ወደ አብርሃ ጅራ ይወስዳቸዋል። እዚያ አጭደው፣ አስረው፣ ነዶውን እንዲደርቅ አቁመው፣ አራግፈው ሲጨርሱ ይመልሳቸዋል። የካቦ ክብሩ የወሰደውን ሰው በሙሉ መመለሱ ነው።

ይርዳው ካቦነትን በጀመረበት ዓመት ከኮኪት ወዲያ መኪናው ተበላሸበት። ሠራተኛው ጥላና ውኃ ፍለጋ በየአቅጣጫው ተበተነ። ሲሰበሰቡ አንድ ሰው ጎደለ፤ በሦስተኛው ቀን ከእሾሁ ዱር ውስጥ ውኃ ጥም ገድሎት አገኙት። ከዚያ ወዲህ ይርዳው ለሠራተኞቹ አንድ ሥርዓት አቆመ። መኪና ቢበላሽ፣ ጎርፍ መንገድ ቢቆርጥ፣ ተኩስ ቢሰማ ሰው ሁሉ ያለበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ካቦው መጥቶ እጁን በእያንዳንዱ ራስ ላይ እየጫነ ይቆጥራል። በመጨረሻም «ሞልተናል፤ ተነሡ» ይላል። ይህን ቃል ሳይሰማ የሚነሣ የለም። በዚህ ሥርዓት ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልጠፋበትም። በደጋው ያሉ እናቶች ልጆቻቸውን ሲሸኙ «የሚቆጥርህ ይርዳው ከሆነ ሂድ» ይሏቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

ባለፈው ክረምት ሰሊጣችንን የሚገዛ አንድ የሩቅ ምሥራቅ ድርጅት፣ ሰሊጡ ከእጃችን ከወጣ በኋላ እንዴት እንደሚበጠርና ዘይት እንደሚሆን እንዲያዩ በአምራቾቹ ማኅበር በኩል አራት ሰዎች ጋበዘ። አንዱ ይርዳው ሆነ፤ ከካቦነቱ ሌላ የራሱ እርሻ አለውና። ሁለተኛዋ በግብርና ጽሕፈት ቤት የምትሠራው ህሊና ናት። ሦስተኛው ለይኩን ነው፤ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከወሎ መጥቶ በይርዳው መኪና ወደ እርሻ የገባ፣ ዛሬ ግን ሰሊጥ በመዳፉ አሸት አድርጎ ጥራቱን የሚናገር የማኅበሩ መርማሪ። አራተኛዋ በመተማ ዮሐንስ ከሱዳን ድንበር ወዲህና ወዲያ ሰሊጥ የምትነግደው ዘምዘም ናት።

የህሊና እናት እመት ውባንች ሌላ ልጅ የላቸውም። ከጉዞው በፊት በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ይርዳውን ይዘው እኔ ወደምቀመጥበት ወደ ደጀ ሰላሙ መጡ። ሌሎቹም ተከትለው መጥተው ነበር።

«የኔታ ይስሙኝ» አሉ። «ይህ አውሮፕላን የሚሉት ነገር ፎቅ አለው አሉ። እኔ ልጄን ለፎቅ አልሰጥም። የምሰጠው ለይርዳው ነው።»

«እማዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቴ እኮ ነው» አለች ህሊና። «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።»

«ሠላሳ አንድ ይሁንሽ። ለመቆጠር አንድ ነሽ።»

ዘምዘም ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር ቆማ ነበር። «ያ ዞል» ብላ ይርዳውን ተጣራች፤ ወንድን ሁሉ እንደ ሱዳኖቹ እንዲህ ነው የምትጠራው። «እኔንስ እንዴት ልትቆጥረኝ ነው? ሻሼን የነካ ሰው እጁ በሰላም አይመለስም።»

«አንቺን ለመቁጠር እጅ አያስፈልግም» አለ ይርዳው። «ዝም ካልሽ ነው ጠፋሽ የምለው።»

ከዚያም ኮፍያውን አውልቆ፣ ወደ ቤተ መቅደሱ ዞሮ፣ አራቱም በሕይወት ሄደው በሕይወት እስኪመለሱ በእጁ ቆጥሮ ሊወስድ፣ በእጁ ቆጥሮ ሊመልስ ማለ። ለሦስቱም «ማናቸውም ነገር ቢደርስ፣ አየር ላይም ቢሆን ምድር ላይ፣ ካላችሁበት አትነሡ። እኔ መጥቼ እቆጥራችኋለሁ» አላቸው። እኔም አሜን አልሁ። ያ ትእዛዝ ለጭነት መኪና እንጂ ለዚያ ፍጥረት እንዳልተሠራ፣ ሰው ሊያጠፋም እንደሚችል ከመካከላችን ያወቀ አልነበረም።

እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እስከ አንድ የዐረብ ባሕረ ሰላጤ ከተማ የወሰዷቸው አውሮፕላኖች እንደ ልማዱ ያሉ ነበሩ። በዚያ ከተማ የመንገደኞች አዳራሽ ውስጥ ግን፣ ከመስተዋቱ ወዲያ ቆሞ የሚጠብቃቸውን ባዩ ጊዜ አራቱም ባሉበት ቆሙ። ለይኩን እንደ ነገረኝ በመጀመሪያ አውሮፕላን መሆኑን አላስተዋለም፤ የሕንፃው አካል መስሎት ነበር። መስኮቱ በሁለት ረድፍ፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ ከግንባሩ እስከ ጭራው ተዘርግቷል። የጭራው ቁመት ከማናቸውም የከተማችን ፎቅ ይበልጣል። ከክንፉ ሥር የተንጠለጠሉት አራት ሞተሮች እያንዳንዳቸው ሰው ቆሞ የሚገባባቸው ናቸው።

«ከነነዳጁ ከነሰዉ ስንት ኩንታል ይሆናል?» አለ ለይኩን። ሚዛን ልማዱ ነውና።

ህሊና የጉዞው ቀን ከተቆረጠ ወዲህ ስታነብ ከርማ ነበር። «ሲነሣ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ኩንታል ያህል ይመዝናል» አለችው።

ለይኩን በጣቱ አሰላ። «አንድ መኪና ከነተሳቢው አራት መቶ ይጭናል። ዐሥራ አራት ተሳቢ ማለት ነው።»

«ሙሉ ጭነት» አለች ህሊና።

«ዐሥራ አራቱም ተሳስረው ይበራሉ ነው የምትይኝ?»

«እያየኸው።»

ይርዳው ከነርሱ ተለይቶ በመስተዋቱ ዳር ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ነበር። ሲመለስ «ሃያ ሁለት» አለ። ጎማውን ቆጥሮ ነው።

እኔ ይህን አላየሁም፤ ነገር ግን ሲነግሩኝ ልቤ በአድናቆት ተሞላ፤ አሁንም እንደ ተሞላ ነው። በጥፋት ውኃ ዘመን ፈጣሪ ባለ ደርብ መርከብ አሠርቶ ሰውንና እንስሳን ካዳነ ወዲህ፣ የሰው ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር አምስት መቶ ነፍስ አሳፍሮ በደመና ላይ እንዲሄድ ጥበብን የሰጠ ያው ፈጣሪ ነው። አምስት መቶ ሰው አንድ የገጠር ደብር ነው፤ ከነሕፃናቱ፣ ከነሽማግሌዎቹ። ህሊና እንደምትለው፣ ያን ሁሉ ሰው በትንንሽ አውሮፕላን ለማጓጓዝ ሦስት ያህል ማስነሣት ያስፈልጋል፤ ሦስት የመነሻ ሰዓት፣ ሦስት ጓድ አብራሪ። ሰማዩ በተጨናነቀበት ትልቅ ከተማ ይህ አንዱ የሦስቱን ሥራ ይሠራል። ከክብደቱም የተነሣ በነፋስ አይንገላታም፤ ድምፁም ከውስጥ ለተቀመጠው ዝቅ ያለ ነው።

ሆኖም ህሊና ሌላም ነገር ነገረቻቸው። «እንዲህ ያለውን አዲስ መሥራት አቁመዋል» አለች።

«ለምን? ይህን የመሰለ ነገር?» አለ ለይኩን።

«መሙላቱ ነው የሚያስቸግረው። ግማሽ ሰው ይዞ ቢሄድም አራቱም ሞተር መጠጣቱን አይተውም።»

ዘምዘም ወዲያው ገባት። «የሸሕዲ ትልቁ አውቶቡስ ነዋ። እርሱ ለመሙላት እስከ ቀትር ሲጮህ፣ ሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ጎንደር ደርሶ ይመለሳል። ትልቅ መሆን ጥሩ ነው፤ ሰው ከተገኘ።»

«ሜዳም ይመርጣል» አለች ህሊና። «ክንፉ ወደ ሰማንያ ሜትር ነው። የጎንደርን በመሰለ ማረፊያ መዞሪያ አያገኝም። ሁለቱን ደርብ ለማውረድ የተለየ መተላለፊያ ያስፈልገዋል። ሲያልፍም ከኋላው ያለውን አየር እንደ ደራሽ ወንዝ ያናውጠዋል፤ ትንሹ አውሮፕላን ርቆ ነው የሚከተለው።»

«አምስት መቶ ሰው አንድ ቦታ ካለ፣ አንድ ነገር ቢመጣ ማን ይቆጥረዋል?» አለ ይርዳው። ጥያቄው ከሁሉ የከበደው እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላወቁም።

ሲሳፈሩ ቦታቸው ተከፍሎ ተገኘ። ይርዳውና ህሊና በታችኛው ደርብ፣ ከኋላኛው ደረጃ አጠገብ፤ ለይኩንና ዘምዘም በላይኛው። ይርዳው አብረው እንዲያስቀምጧቸው በህሊና በኩል ለመነ። አስተናጋጇ በትሕትና፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ነው፣ ባዶ ወንበር የለም አለች። እርሱም ደረጃውን ወጥቶ የለይኩንን ራስ በእጁ ነካ፤ ዘምዘምን «አለሽ?» አላት። «የት እሄዳለሁ ብለህ ነው፣ ቀበቶ አስረውብኛል» አለችው። ወርዶም የህሊናን ራስ ነክቶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ከፊታቸው ባለው ሰሌዳ ላይ አደጋ ቢመጣ እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳይ ምስል ይታይ ጀመር። ህሊና «ተመልከት፣ ልተርጉምልህ» አለችው።

«ይህ ለነሱ ነው» አለ ይርዳው። «እኛ የራሳችን ሥርዓት አለን።»

አውሮፕላኑ ወደ መንደርደሪያው ዞረ። አራቱ ሞተሮች በአንድነት አገሡ፤ ያ ሁሉ ክብደት፣ ዐሥራ አራቱ ተሳቢ፣ መሮጥ ጀመረ። ይርዳው መሬቱ በመስኮት ሲሮጥ እያየ የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር መሥራቱ እንባ እንዳመጣበት አልደበቀኝም። ሳይነሣ ግን በቀኙ ክንፍ በኩል የታፈነ ድምፅ ተሰማ። የወፍ መንጋ ወደ አንዱ ሞተር ገብቶ ነበር። አብራሪው መነሣቱን ትቶ ፍሬኑን ያዘ። ሰው ሁሉ በቀበቶው ላይ ወደ ፊት ተንጠለጠለ፤ ሃያ ሁለቱ ጎማዎች ያን ክብደት ይዘው ጮኹ፤ ግዙፉም ፍጥረት ከሜዳው ጫፍ ሳይደርስ ቆመ። እንዲህ ያለውን ሩጫ መግታት መቻሉ ለእኔ ከመብረሩ አያንስም።

በመጀመሪያ ሁሉም ባለበት እንዲቆይ ተነገረ። ጥቂት ቆይቶ ግን ከጋለው ጎማ ጭስ ወጣ፤ ከቀኙ መስኮት ወዲያ ጠቆረ፤ ሽታውም ወደ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ሌላ ትእዛዝ መጣ። አስተናጋጆቹ ሁሉ በአንድ ቃል መጮህ ጀመሩ፤ በግራው በኩል ያሉት በሮች ተከፈቱ፤ ከየበሩም ሸራ የመሰለ መንሸራተቻ ተነፍቶ ወደ ምድር ወረደ።

«ውጡ እያሉ ነው» አለች ህሊና ቀበቶዋን ፈትታ። «ዕቃ ትታችሁ ውጡ፤ ማንንም አትጠብቁ ነው የሚሉት።»

ይርዳው ተነሣ፤ ነገር ግን ወደ በሩ አልሄደም። ከላይ ያሉት ሁለቱ ምን እያደረጉ እንደሆነ በዐይኑ እንዳየ ያህል ዐወቀው። ለይኩን ተቀምጧል። ከይርዳው ጋር በሠራበት ዘመን ሁሉ፣ በጎርፍም በተኩስም፣ ካቦው እጁን ሳይጭንበት ተነሥቶ አያውቅም። «አትነሡ» ያለው እርሱ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመሐላ።

ወደ ደረጃው ሮጠ። አንዲት ቀጭን አስተናጋጅ ደረቱን በሁለት እጇ ገፍታ አቆመችው። ከኋላው ሰው እንደ ጎርፍ ወደ በሩ እየመጣ ነበር፤ አንድ ሰው በዚያ ደረጃ ላይ ቢቆም ስንቱን እንደሚያግድ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም።

«ህሊና፣ ንገሪያት» አለ። «ሰው አለኝ በያት። እኔ ካልመጣሁ አይነሡም በያት።»

ህሊና ተናገረች። አስተናጋጇ እጇን ከደረቱ ሳታነሣ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ድምፅህን ያውቁታል ወይ ትላለች» አለች ህሊና።

«ያውቁታል።»

አስተናጋጇ ከግድግዳው ላይ መነጋገሪያውን ነቅላ ሰጠችው። በዚያ የሚነገር ቃል በሁለቱም ደርብ ይሰማል። ይርዳው መነጋገሪያውን ያዘ፤ ቃሉ ግን አልወጣለት አለ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ራስ ሳይነካ ያን ቃል ተናግሮ አያውቅም። ጭሱ ጠቆረ። ህሊና ትከሻውን ጨበጠችው።

«ለይኩን። ዘምዘም» አለ፤ ድምፁም በዚያ ግዙፍ ቤት ላይና ታች ሞላ። «ይርዳው ነኝ። ቆጥሬያችኋለሁ። ሞልተናል፤ ተነሡ። ውጡ።»

አስተናጋጇ መነጋገሪያውን ነጥቃ፣ ሁለቱንም አከታትላ ወደ በሩ ገፋቻቸው።

በላይኛው ደርብ የሆነውን የነገረችኝ ዘምዘም ናት። ለይኩን በመስኮቱ በኩል፣ እርሷ በመተላለፊያው በኩል ነበሩ። «ውጣ አልሁት» አለች። «‹ካቦ ይመጣል› አለኝ። ‹ያ ዞል፣ ካቦህ ከታች ነው፤ ጭሱ ግን እዚህ ነው› አልሁት። የወንበሩን ክንድ በሁለት እጁ ይዟል። አስተናጋጁ መጣ፤ ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ ይጎትተዋል፣ አይነቃነቅም። ሰሊጥ ተሸካሚ ነበር እኮ።»

«አንቺስ ለምን አልወጣሽም?» አልኋት።

«እርሱን ትቼ?» አለችኝ።

«ከዚያማ ከጣሪያው ድምፅ መጣ» አለች። «ለይኩን ስሙን ሲሰማ አንገቱን ቀና አደረገ። ‹ሞልተናል፤ ተነሡ› ሲል እንደ ወታደር ብድግ አለ። ይጎትተው የነበረው ሰውዬ ወደ ኋላ ሊወድቅ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ቁልቁል አየሁ፤ የአንድ ፎቅ አይደለም፣ የሁለት ፎቅ ከፍታ ነው። እጸልያለሁ ስል ገፉኝ።»

አቡነ ዘበሰማያትን ሦስት ጊዜ ደግሞ ለመጨረስ በሚበቃ ጊዜ ውስጥ አምስት መቶ ከሃያ ሰው ከዚያ አውሮፕላን ወጣ። ጥቂቶችን ቁርጭምጭሚታቸውን ወለም አላቸው፤ የሞተ የለም። የእሳት አደጋ መኪኖቹም ጎማዎቹን አቀዝቅዘው ጭሱን አጠፉ። ነገር ግን የትልቅነቱ ችግር ገና አላበቃም ነበር። አምስት መቶ ሰው በሜዳው ላይ ተበትኖ፣ የታችኛው ደርብ ከላይኛው ተቀላቅሎ፣ የየአገሩ ቋንቋ ተደባልቆ ማን እንዳለ ማን እንደ ሌለ አይታወቅም። ይርዳው የህሊናን እጅ ይዞ በዚያ ሕዝብ መካከል ሩብ ሰዓት ያህል ተመላለሰ። በኋላ እንደ ነገረኝ፣ በእሾሁ ዱር ውስጥ የተኛው ሰው ፊት ከዐይኑ አልጠፋም ነበር።

«ያ ዞል» የሚል ድምፅ ከኋላው ሰማ።

ዘምዘም ነበረች፤ አንድ እግሯ ባዶ። ለይኩን ከጎኗ ቆሟል።

«ጫማዬን ቁጠርልኝ» አለችው። «አንዱ ጎድሏል።»

ይርዳው የለይኩንን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ቁጥር አልተናገረም።

በማግሥቱ ሌላ እንዲያው ባለ ሁለት ደርብ አውሮፕላን ቀረበላቸው። እንዲቀሩ የመከራቸው ነበር፤ ይርዳው ግን «ይህን ሁሉ ሰው እንዲያ ያወጣን ነገር እንዴት እጠላዋለሁ» ብሎ ከፊት ተሳፈረ። ያ ምስል ሲታይ ህሊናን አስተርጉሞ እስከ መጨረሻው ተመለከተ፤ በሮቹንም በጣቱ እየጠቆመ ለሦስቱ አሳየ። በደመናው ላይ ሲወጡ ግዙፉ ክንፍ እንደ ንስር በዝግታ ሲያዘነብል፣ ፀሐይም በላዩ ስትወጣ አዩ። የሩቁን አገር የሰሊጥ ፋብሪካ ጎብኝተው፣ ሰሊጣችን በክብር መስተዋት ውስጥ ተቀምጦ አይተው፣ በደኅና ተመለሱ።

አሁን ወደ ነገሩ ፍጻሜ እደርሳለሁ። በተመለሱ በሁለተኛው ቀን፣ በመስከረም፣ ጠዋት፣ አራቱም ወደ ደጀ ሰላሙ መጡ። እመት ውባንች ቀድመው ደርሰው ነበር። ልጃቸውን አቅፈው ከሳሙ በኋላ ወደ ይርዳው ዞረው «በል ቁጠርልኝ፤ መሐላህን ፍታ» አሉት። ይርዳው እጁን አላነሣም።

«የኔታ፣ እኔ ከእንግዲህ አልቆጥርም» አለኝ። «መሐላዬን አፍርሻለሁ። ያልነካሁትን ራስ ቆጠርሁ ብያለሁ። ሐሰት ተናግሬያለሁ። ዘንድሮ ሠራተኛውን ሌላ ካቦ ይውሰደው።»

ነገሩ ከበደኝ። ከመናኸሪያው አጥር ሥር አርባ ሁለት ሰው ማጭዱን ይዞ ይጠብቀው ነበር፤ ከርሱ በቀር ከሌላ ካቦ ጋር አንሄድም ብለዋል። ሰሊጥ ደግሞ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል።

«በዚያች ሰዓት እውነተኛ ልትሆን ብትፈልግ ምን ትል ነበር?» አልሁት።

«‹ጠብቁኝ፣ እመጣለሁ› እል ነበር።»

«ትደርስ ነበርን?»

ራሱን ነቀነቀ። «አስተናጋጇ አታሳልፈኝም ነበር። ባሳለፈችኝም ደረጃውን ዘግቼ የሌላ ሰው ልጅ አስቀር ነበር።»

«እንግዲያ እውነተኛው ቃልህ ለይኩንን በወንበሩ ላይ ያስቀረው ነበር።»

ለይኩን መሬት መሬት እያየ «ጋሼ፣ አልነሣም ነበር» አለ። «እውነቴን ነው። እርስዎ ካላሉ አልነሣም ነበር።»

እኔም ያን ጊዜ የራሴን በደል አየሁ። «ይርዳው» አልሁት፤ «የተሳሳተው የአውሮፕላኑ ቃልህ አይደለም። የተሳሳተው እዚህ ቆመህ ‹አትነሡ› ያልኸው ነው። በማናውቀው ነገር ላይ የራሳችንን ሥርዓት ጫንን፤ እኔም አሜን አልሁበት። ያን መርከብ የሠሩትና የሚጠብቁት ሰዎች ለአምስት መቶ ነፍስ የሚበቃ ሥርዓት ነበራቸው፤ አልጠየቅናቸውም። ስለዚህ ንስሐው የሁለታችን ነው። ረቡዕና ዐርብ ከምንጾመው ላይ አንድ ሳምንት አብረን እንጨምራለን። መሐላህ ግን ስለ ነፍሳቸው ነበር፤ አራቱም በሕይወት እነሆ ከፊቴ ቆመዋል። እጅህ ያልደረሰበት ቦታ በስማቸው ጠራሃቸው፤ ይህን እኔ ቁጥር እለዋለሁ።»

ይርዳው እጁን ለማንሣት ገና አመነታ። እመት ውባንች ግን ትዕግሥታቸው አልቆ ነበር። የልጃቸውን እጅ ይዘው አቀረቧትና «የኔታን ሰምተሃል። በል፣ ሥራ አለብኝ» አሉት። እጁን በህሊና ራስ ላይ ጫነ፤ «አንድ» አለ። ለይኩንን «ሁለት» አለ። ዘምዘም ከቅጥሩ ውጭ «ሦስት» ብላ ራሷን ቆጠረች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ወደ መናኸሪያው ወረድሁ። አርባ ሁለቱ ሠራተኞች በመኪናው ላይ ተጭነው ነበር። ይርዳው ከጎማው ላይ ቆሞ የኋላውን መዝጊያ እንዴት እንደሚፈቱ፣ በጎን በኩል በየት እንደሚወርዱ ያሳያቸው ነበር።

«ዱር ውስጥ ከሆንን ተቀመጡ» አላቸው። «መኪናው ላይ ከሆንን ግን ሹፌሩ ውረዱ ካለ ውረዱ፤ እኔን አትጠብቁ። ውጭ እቆጥራችኋለሁ።»

ከወደ ኋላ ያለ አንድ የጎጃም ሰው «ካቦ፣ አምና እንዲህ አልነበረም» አለ።

«አምና አላወቅሁም ነበር» አለው ይርዳው፤ እጁንም በመጀመሪያው ሰው ራስ ላይ ጭኖ መቁጠር ጀመረ።

አንተም ይህን ያነበብህ፣ አንቺም ያነበብሽ፣ ቤታችሁ የተባረከ ይሁን። ከደጃችሁ የወጣ ሁሉ፣ በእግሩም ይሂድ በጎማ ወይም በክንፍ፣ ደኅና ገብቶ በማዕዳችሁ ዙሪያ ይቀመጥ። ጎተራችሁ አይጉደል፤ ልጆቻችሁ በዕድሜ ይጽኑ፤ የሰላም መልአክም ከቤታችሁ ጣራ አይለይ። አሜን።